ከኖራ ግንብ እስከ ብረት ገመድ፦ በዓባይ ላይ የሰባራ ድልድይ ታሪክ

ከሻሸመኔ ወደ ሀዋሳ የሚመጣ መንገደኛ ወደ ከተማዋ ከመዝለቁ በፊት ጥቁር ውኃን ይሻገራል። ወንዙ ከጨለለቃ ረግረግ ወጥቶ ሜዳውን ተከትሎ ወደ ሐይቁ የሚገባ ሲሆን፣ ድልድዩ አጭርና ዝቅ ያለ በመሆኑ ብዙው ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል። በዚህ አካባቢ ያደገ ተማሪ ስለ ድልድይ ሲነገረው በአእምሮው የሚቀርጸው ሥዕል ከዚህ እምብዛም አይርቅም። በመሆኑም በታሪክ ትምህርት ዓፄ ፋሲል በዓባይ ላይ ድልድይ ማሠራታቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገለጽለት፣ የነገሥታትን ሥራ ከሚዘረዝረው ክፍል ጋር አብሮ ሸምድዶት ይሄዳል እንጂ ነገሩ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበረ፣ ድልድዩም ከተሠራ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት አይጠይቅም። ጠያቂ ተማሪ ቢገኝ እንኳ መምህሩ የሚመልስለት ነገር በእጁ ላይኖር ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጎጃምና በጎንደር መካከል፣ በሞጣና በአንዳቤት ወገን በዓባይ ላይ የሚገኘውን ሰባራ ድልድይን ታሪክ ከመነሻው እስከ ዛሬው የብረት ገመድ መሻገሪያ ድረስ ማቅረብ ነው። በዚህ አንድ ስፍራ ወንዙ በአራት ልዩ ልዩ መንገድ ተሻግሯል፤ በድንጋይ ቅስት፣ በሰው ክንድ፣ በተገጣጠመ ብረት፣ በመጨረሻም በተንጠልጣይ ገመድ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጥቂት እንደ ተጓዘ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወደ ታች ይወረወራል። ከዚያ በኋላ እየጠለቀ የሚሄደው ሸለቆ በአንዳንድ ስፍራ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት አለው። ወንዙ ጎጃምን በሦስት ወገን ከብቦ የሚዞር በመሆኑ፣ ክረምት ገብቶ ውኃው ሲሞላ አገሩ እንደ ደሴት ከሌላው የሚቆረጥበት ጊዜ ነበር። በበጋ ውኃው ሲጎድል በመልካው መሻገር ይቻላል፤ በጣና አጠገብ የደንገል ታንኳ፣ በሌላው ስፍራ የተነፋ ስልቻ ታቅፎ መዋኘት የተለመደ ዘዴ ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ነጋዴውም፣ ሠራዊቱም፣ ለሙሾ የሚሄደውም ዘመድ ከዳር ቆሞ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ድልድይ ማለት በዚህ አገር በመጀመሪያ የክረምት መንገድ ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የሚከተለውን ታሪክ ሊረዳው አይችልም።

ኢትዮጵያውያን ከዐለት ቤተ መቅደስ መፈልፈልን፣ ያለ ማጣበቂያ ድንጋይ መካብንም ከጥንት ጀምሮ ያውቁ እንደነበር ላሊበላና አክሱም ይመሰክራሉ። በሚፈስ ወንዝ ላይ ሰፊ ቅስት ለመሥራት ግን ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያይዝና ውኃ የማያጥበው ነገር ያስፈልጋል። ይኸውም ኖራ ነው። በዓፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት (1607–1632) የኖራ ድንጋይን አቃጥሎ ለግንብ የማዋል ጥበብ ከህንድ በመጡ ባለ እጆች አማካይነት በጣና አካባቢ ተስፋፋ። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው የአላታ ድልድይ በዚሁ ዘመን፣ በ1626 ገደማ የተሠራ ነው። በዚያ ስፍራ ዓባይ በጥቁር ዐለት መካከል ተጨንቆ ስለሚያልፍ፣ ግንበኞቹ የወንዙን ወርድ ሳይሆን የዐለቱን ጠባብ አፍ ነው የተሻገሩት። የቦታው ምርጫ ራሱ የጥበቡ ግማሽ ነበር ማለት ይቻላል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ፏፏቴው በሄደ ጊዜ ድልድዩን አይቶታል፤ ድልድዩ ዛሬም ቆሞ ይገኛል።

ከዚህ ድልድይ ወደ ታች ርቆ የሚገኘው ሁለተኛው ድልድይ፣ ማለትም በኋላ ሰባራ የተባለው፣ በ17ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ በዓፄ ፋሲል ዘመን (1632–1667) እንደ ተሠራ ይነገራል። በብዙ የጉዞ መጻሕፍት ሁለቱም «የፖርቱጋል ድልድይ» ተብለው ተጽፈዋል። ይህ አጠራር በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሳይመረመር ሊደገም አይገባውም። ዓፄ ፋሲል በነገሡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንን ከአገር ማስወጣታቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ የፋሲል ዘመን ድልድይ ሲሠራ አውሮፓውያን መሐንዲሶች በቤተ መንግሥቱ አልነበሩም፤ ግንቡን የገነቡት የጎንደርን አብያተ መንግሥት ያነጹት ዓይነት ባለ እጆች፣ ጥበቡን ከህንዶቹ የተማሩና ለልጆቻቸው ያስተላለፉ የአገሬው ግንበኞች ናቸው ብሎ ማሰብ ይበልጥ ከዘመኑ ታሪክ ጋር ይስማማል። በደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው፣ በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በራስ ዳርጌ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ትንሽ የድንጋይ ድልድይ እንኳ «የፖርቱጋል» ይባላል። ስም አንድ ጊዜ ከተለጠፈ መልሶ መላጥ ቀላል አይደለም።

ቅስት እንዴት እንደሚቆም ማወቅ ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት ይረዳል። በቅስት ውስጥ ያለው ድንጋይ ሁሉ ጎረቤቱን ይገፋል፤ ግፊቱ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተላለፈ በመጨረሻ በሁለቱ ዳር ወዳለው ዐለት ይደርሳል። ድንጋይ ሲጫኑት ጽኑ፣ ሲስቡት ግን ደካማ በመሆኑ ይህ አሠራር ለተፈጥሮው የተስማማ ነው። ሆኖም ከመካከል ጥቂት ድንጋዮች ቢወጡ የሚገፋፋው ሰንሰለት ይቋረጣልና ቅስቱ በሙሉ ይወድቃል። ስለዚህ የድንጋይ ድልድይ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል፤ የፈለገ ሰው ግን በአንድ ቀን ሊቆርጠው ይችላል።

በዓባይ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በአካባቢው የሚተረከው ታሪክ የድልድዩን መቆረጥ ከፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ጋር ያያይዘዋል፤ አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገር ሲሉ የመካከሉን ዋና ቅስት አፈረሱት ይባላል። ጠላት ከአገር በወጣ ጊዜ የተቆረጠው ቅስት አልተመለሰም፤ ድልድዩም ከዚያ ወዲህ ለትውልድ ያህል ሰባራ እንደሆነ ቀረ። አውራ ጎዳናው በሌላ ስፍራ፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው ገደል በኩል ስለ ወረደ፣ የመንግሥት ዐይንም፣ በጀትም፣ መኪናም ወደዚያ ሄደ። በሞጣና በአንዳቤት መካከል ያለው ገበሬ ግን ዘመዱም፣ ገበያውም፣ አቤት የሚልበትም ቦታ በወዲያኛው ማዶ መሆኑ አልተለወጠም።

በተሰበረው ድልድይ በሁለቱ ጫፍ ላይ ሰዎች ገመድ ይዘው መቆም የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ይታሰራል፤ ከዚህ ጫፍ ያሉት ቀስ እያሉ ይለቁለታል፣ ከዚያ ጫፍ ያሉት ይስቡታል። በመካከል፣ ከታች ዓባይ እያገሣ፣ ሰውየው በባዶ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። ገበያተኛው ከነሸቀጡ በዚህ መንገድ ተሻግሯል። ገመዱን የሚይዙት ሰዎች የነበሯቸው መሣሪያዎች ክንዳቸውና እርስ በርስ መግባባታቸው ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ቢዘናጋ የሌላው ሕይወት ያልፋል። ይህን ሥራ ማንም መሐንዲስ አላቀደውም፣ በማንኛውም የመንግሥት ሪፖርት ውስጥም «የትራንስፖርት አገልግሎት» ተብሎ አልተመዘገበም። ነገር ግን መሻገሪያውን ለብዙ ዓመታት ክፍት አድርጎ ያቆየው እሱ ነው። የድልድዩን ታሪክ የሚያስተምር መምህር ለዓፄ ፋሲል አንድ ዓረፍተ ነገር ከሰጠ፣ ለእነዚህ ሰዎችም ቢያንስ ያንኑ ያህል ሊሰጥ ይገባል።

የእነዚህ ገመድ ጎታቾች ፎቶግራፍ በታኅሣሥ 2000 በታተመው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት፣ ስለ ዓባይ በቀረበ ጽሑፍ ውስጥ ወጣ። በአሜሪካ አገር በሕንፃ ሥራ የሚተዳደረው ኬን ፍራንዝ ሥዕሉን አይቶ በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። የድርጅቱ የመጀመሪያ ሥራም ይኸው ሰባራ ድልድይ ነበር። መኪና ከማይደርስበት ገደል በሰው ጫንቃና በአህያ ጀርባ የወረደ ብረት በ2002 ተገጣጥሞ በተቆረጠው ቅስት ቦታ ተዘረጋ። አሠራሩ ብረቶችን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ እያያዙ ጽኑ መሸጋገሪያ ማበጀት ነው። ጎታቾቹም ገመዳቸውን ጠቀለሉ።

በ2005 ክረምት ዓባይ ከተለመደው በላይ ሞልቶ የብረቱን መሸጋገሪያ ወሰደው። ብረቱ አልሰነፈም፤ የተቀመጠበት ከፍታ ነው ያልበቃው። ደራሽ ውኃ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም፤ ግንድና ቅርንጫፍ፣ ጭቃና ድንጋይ አብሮ ይገፋል። ወለሉ ላይ ከደረሰም ሸክሙ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከጎን ይሆናል፤ ተሻጋሪ ሰውና አህያ እንዲሸከም የተሠራ ነገር ለዚህ አልተዘጋጀም። የድሮዎቹ ግንበኞች በወፍራም የድንጋይ ግንብ የተቋቋሙትን ግፊት ቀጭኑ ብረት ሊቋቋመው አልቻለም። ለዕቅድ ባለሙያ ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ነው፤ ምክንያቱም ስሕተቱ የገንዘብ ወይም የበጎ ፈቃድ ማነስ ሳይሆን የወንዙን ከፍተኛ ሙላት አሳንሶ መገመት ነበርና።

ቀጣዩ መፍትሔ ከድንጋይም ከተገጣጠመ ብረትም አልመጣም፤ ጎታቾቹ በእጃቸው ይዘውት ከነበረው ነገር፣ ከገመድ ነው የመጣው። ተንጠልጣይ ድልድይ የቅስት ግልባጭ ነው። ቅስት ወደ ላይ ጎብጦ ይገፋል፤ ገመድ ወደ ታች ረግቦ ይስባል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ከሣር በተገመደ ገመድ ገደል መሻገርን ከኢንካዎች ዘመን ጀምሮ ያውቃሉ፤ በፔሩ በአፑሪማክ ወንዝ ላይ ያለው የቀስዋቻካ ድልድይ እስከ ዘመናችን ድረስ በየዓመቱ በአካባቢው ሰዎች እንደገና ሲገመድ ኖሯል። በአሜሪካ ጄምስ ፊንሌይ በ1801 በብረት ሰንሰለት ላይ ቀጥ ያለ ወለል አንጠለጠለ። በብሪታንያ ቶማስ ቴልፎርድ በ1826 የመናይን ባሕረ ሰላጤ 176 ሜትር በሆነ ርቀት ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ በሰንሰለት ፈንታ ቀጫጭን ሽቦዎችን አንድ ላይ አስሮ ገመድ ማድረግ ተለመደ፤ ምክንያቱም በሰንሰለት አንድ ቀለበት ከተበጠሰ ሁሉም ያልቃል፣ በሽቦ ግን የአንዱን ጉድለት ሌሎቹ ይሸፍናሉ።

በዚህ ረገድ የኒው ዮርክን የብሩክሊን ድልድይ ማንሣት ተገቢ ነው። ንድፉን ያወጣው ጆን ሮብሊንግ ሥራው ሳይጀመር በ1869 እግሩ በደረሰበት አደጋ ምክንያት ሞተ። ልጁ ዋሽንግተን ሥራውን ተረክቦ፣ በወንዙ ሥር በታመቀ አየር ውስጥ መሠረት ሲያስቆፍር በሚይዘው በሽታ ተጎድቶ አልጋ ላይ ዋለ፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ኤሚሊ መመሪያውን ወደ ሠራተኞቹ እያደረሰች፣ ራሷም የምህንድስናውን ትምህርት እየተማረች እስከ ግንቦት 24 ቀን 1883 ምረቃ ድረስ አብራ ዘለቀች። በ1878 ሽቦ አቅራቢው ነጋዴ ጥራት የሌለውን ሽቦ በተመረመረው እየተካ ሲያስገባ መቆየቱ ተደረሰበት። የገባውን ማውጣት አይቻልም ነበር። ነገር ግን ገመዱ ከመጀመሪያው ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ ጥንካሬ እንዲኖረው ተደርጎ ስለ ተነደፈ፣ በእያንዳንዱ ገመድ ላይ 150 ያህል ሽቦ ተጨምሮ ሥራው ቀጠለ። «ለምን ይህን ያህል ትርፍ ጥንካሬ?» የሚል የሒሳብ ሹም ሁልጊዜ አይጠፋም፤ መልሱ በብሩክሊን ገመድ ውስጥ ተገምዶ ይገኛል።

ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድለት ታየ። በዋሽንግተን ግዛት የተሠራውና 853 ሜትር የተንጠለጠለው የታኮማ ድልድይ በሐምሌ 1940 ተመርቆ በኅዳር 7 ቀን በነፋስ እየተጠማዘዘ ወደቀ። ሸክሙን ችሏል፤ ነፋሱን ግን አልቻለም፤ ወለሉ እጅግ ቀጭንና ልል ነበርና። ቀላል ነገር ጥሩ የሚሆነው እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ መሆኑን መሐንዲሶች የተማሩት በዚያ ቀን ነው።

ወደ ዓባይ እንመለስ። ለሰባራ ድልድይ ያስፈለገው የብሩክሊን ዓይነት አልነበረም። በኔፓል ተራሮች ሄልቬታስ በተባለው የስዊስ ድርጅት እገዛ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዳበረ፣ ለእግረኛና ለጭነት እንስሳ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ዓይነት አለ። ረጅም ምሰሶ የለውም፤ ገመዶቹ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋሉ፣ ወለሉም የገመዶቹን ርግበት ተከትሎ ይነጠፋል። በ2009 ያው ድርጅት ተመልሶ በዚህ ስልት በዓባይ ላይ የእግረኛ መሻገሪያ ሠራ። በውኃው ውስጥ የሚቆም አንዳች ነገር የለውም፤ ደራሹ የሚገፋው ነገር አያገኝም።

እንዲህ ያለው ድልድይ ሲሠራ አብዛኛው ሥራ የሚታየው ሳይሆን የሚቀበረው ነው። በሁለቱም ዳር ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ገመዱን ይዞ የሚቀር ከባድ የአርማታና የድንጋይ ግንብ ይሠራል። ቀጥሎ በመጀመሪያ ቀጭን ገመድ ይሻገራል፤ በእሱም ወፍራሙ የብረት ገመድ ይጎተታል፣ ይኸውም በብዙ ሰዎች ክንድ ነው። ከዚያ ርግበቱ በልክ ተስተካክሎ ገመዱ በብረት ማጥበቂያ ይያዛል፤ በመጨረሻ ከአንዱ ዳር ጀምሮ ርብራቡ እየተነጠፈ፣ ሠራተኞቹም በሠሩት ላይ እየቆሙ ወደ ማዶ ይሄዳሉ።

ገመዱ ለምን ቀጥ ተደርጎ እንደማይወጠር ተማሪዎች ይጠይቃሉ። ቀላል ስሌት ያስረዳቸዋል። በሁለቱ ዳር መካከል ያለው ርቀት 60 ሜትር፣ ርግበቱ 3 ሜትር፣ ሸክሙ በአንድ ሜትር 300 ኪሎ ነው እንበል። ሸክሙ በርቀቱ ካሬ ተባዝቶ ለርግበቱ ስምንት እጥፍ ሲካፈል፣ ገመዶቹ በአንድነት ወደ ጎን የሚስቡት ኃይል 45,000 ኪሎ ይሆናል። ርግበቱን ወደ 1 ሜትር ከግማሽ ብናሳንሰው ኃይሉ 90,000 ኪሎ ይደርሳል። ለዐይን ቀጥ ብሎ የሚያምረው ገመድ ለመበጠስ የቀረበው ነው። በሌላ በኩል ርግበቱ ከበዛ በሁለቱ ጫፍ ያለው ዳገት ለአህያ ያስቸግራል፤ መካከሉም ወደ ሙላቱ ይጠጋል። በ2005 የሆነውን ያስታወሰ ሰው ይህን ሁለተኛውን ችላ አይለውም።

በዚህ አጋጣሚ የሚታረም ሌላ አጠራር አለ። በመስከረም 2008 የተመረቀው፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ፣ እንዲሁም በግንቦት 2024 በባሕር ዳር የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ በተለምዶ «ተንጠልጣይ» ሲባሉ ይሰማል። በሁለቱም ገመዶቹ ከምሰሶው አናት ተነሥተው በቀጥታ ከወለሉ ጋር ይያያዛሉ፤ ወለሉ ራሱም ከባድ አርማታ ሆኖ ከሸክሙ ትልቁን ድርሻ ይሸከማል። ገመዱ አጋዥ ነው እንጂ ብቸኛ ተሸካሚ አይደለም። በሰባራ ድልድይ ያለው የእግረኛ መሻገሪያ ግን ሙሉ ክብደቱ በገመድ ላይ ነው፤ በትክክለኛው ትርጉም ተንጠልጣይ የሚባለው ይህ ትንሹ ነው።

በሀዋሳና በአካባቢዋ ያለ መምህር ይህን ትምህርት ለማስተማር ወደ ዓባይ መውረድ አያስፈልገውም። ሁለት ወንበር፣ አንድ ሲባጎና በእኩል ርቀት የሚንጠለጠሉ ጥቂት ድንጋዮች የርግበትንና የውጥረትን ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ ያሳያሉ። የሲባጎው ጫፍ ከወንበሩ ጋር ሲታሰር ወንበሩ ወደ መካከል መንሸራተቱ፣ የሚቀበረው ግንብ ለምን እንደሚከብድ ያለ ብዙ ቃል ይገልጻል። ከዚያም ተማሪዎች በጥቁር ውኃ ድልድይ አጠገብ፣ ወይም ከሲዳማ ደጋ በሚወርዱት ጅረቶች ዳር የሚኖሩትን ሽማግሌዎች ውኃው በሕይወት ዘመናቸው እስከ የት ደርሶ እንደ ነበር ይጠይቁ፤ በዛፍ ግንድና በዐለት ላይ የቀረውንም የሙላት ምልክት ከወለሉ ከፍታ ጋር ያስተያዩ። ለአንዲት ትንሽ የገጠር መሻገሪያ ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያም ቢሆን ከዚህ የተለየ መነሻ የለውም። በዚያው ዕቅድ ላይ ክረምት በወጣ ቁጥር ማጥበቂያዎቹን የሚያጠብቅ፣ የተሰበረውን ርብራብ የሚቀይር፣ ከገመዱ ላይ ዝገቱን የሚጠርግ ሰው ማን እንደሆነና በየትኛው በጀት እንደሚከፈለው መጻፍ ይኖርበታል።

የዓፄ ፋሲል ዘመን ግንብ በሁለቱም ዳር አሁንም ቆሟል። በመካከሉ ያለው ክፍተት አልተደፈነም፤ ተሻጋሪው ግን በክረምትም በበጋም በብረት ገመዱ ላይ አህያውን እየነዳ ያልፋል፤ ስፍራውንም ዛሬም ሰባራ ድልድይ ብሎ ይጠራዋል።